ሕፃን መሳም የተከለከለበት ቤት

ዛሬ የእድራችንን ሊቀመንበር ጋሽ ታደሰን ከደጃችን መለስኳቸው። አዎ፣ እኔ።

የስድስት ወር እህቴ ሶስና ከንፈሯ ተሰንጥቆ ነው የተወለደችው። ባለፈው ወር ቀዶ ሕክምናው ሊሠራላት ሆስፒታል ብንወስዳት ሐኪሟ "ጉንፋን ይዟታል፣ እንዲህ ሆና ማደንዘዣ አንሰጣትም" ብላ ቀጠሮውን አራዘመችው።

ጉንፋኑ ከየት መጣ? "እግዜር ይማርሽ" ሊሏት መጥተው በየተራ ከሳሟት የሰፈራችን የቀጨኔ አዛውንቶች ነዋ።

አዲሱ ቀጠሮ ሐሙስ ነው። ስለዚህ እኔ በሩ ላይ ነኝ።

ጋሽ ታደሰ እያነጠሱ ደረሱ። "አንዴ ጉንጯን ስሜ ልሂድ።"

"አይሆንም ጋሼ፣ እያነጠሱ ነው እኮ።"

"አቧራ ነው። ስምንት ልጅ እየሳምኩ ነው ያሳደግኩት። አንቺ ደሞ መቼ ዶክተር ሆንሽ?"

"ዶክተር አይደለሁም፣ ዘበኛ ነኝ።"

ተቆጥተው ሄዱ። (እስከ ታችኛው መንገድ ድረስ ሲያነጥሱ ይሰማ ነበር። አቧራው ተከትሏቸው መሆን አለበት።)

እማዬ "አዋረድሽኝ" አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ግን ራሷ ተነስታ በሩን ከውስጥ ቀረቀረችው።

እስከ ሐሙስ ሶስናን ማንም አይስማትም፣ እኔም ጭምር። የሚከብደው እሱ ነው።

እናንተስ እምቢ የማይባሉ ትልልቅ ሰዎችን እንዴት እምቢ አላችሁ? ቶሎ ጻፉልኝ፤ ነገ የአባቴ አክስት ከሸጎሌ ይመጣሉ፣ እሳቸው ደግሞ አንዱን ጉንጭ ብቻ ሦስቴ ነው የሚስሙት።