ሁለቱን በአንድ ውሰድ

ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ፣ ሐረር ሸዋ በር ላይ ፍተሻ ገጠመኝ። አብዮቱ ከፈነዳ ሦስት ዓመት አልፎታል። ፈታሿ ቦርሳዬን ዘርግፋ ጥቅል ክር፣ ሁለት የሹራብ መርፌና የታጠፈ ወረቀት አገኘች። ክሩንና መርፌውን መለሰችልኝ። ወረቀቱን ግን ለአለቃዋ ሰጠችው፤ እሱም ጮክ ብሎ አነበበው።

«ቀኝ አራት፣ ግራ ሁለት። ሁለቱን በአንድ ውሰድ። አንዱን ጣል። እስኪያልቅ ቀጥል።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ቀኙ ማነው? የሚጣለውስ?»

መልሱ ቀላል ነበር። መርፌው ከፊት ሲገባ ቀኝ፣ ከኋላ ሲገባ ግራ እንላለን፤ የሚጣለውም የክር ቀለበት ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። 

«የሹራብ ነው» ብቻ አልኩ።

«የት ነው የተማርሽው?»

«ሹራብ?»

«ቀልደኛ! ትምህርት ነው የምልሽ።»

«ዩኒቨርሲቲ።»

«እንዲያ በይ!» አለና አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ።

ሹራብ መሥራት በሰፈራችን እንደገና የተጀመረው በዚያው ዓመት ነው። ፊት የሴት ተማሪዎች የእጅ ሥራ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ስንወጣ እንረሳዋለን። አሁን ሱቅ ውስጥ ሹራብ ጠፋ፤ ልጆቻችን ደግሞ ግማሹ ግንባር፣ ግማሹ እስር ቤት፣ ብርድ ላይ ነበሩ። የስፌት ሣር የሚያመጡት የገጠር ሴቶች መንገዱ ሲዘጋ ቀሩ፤ ስፌት የለመደ የሐረር እጅም ሥራ ፈታ። ስለዚህ አሮጌ ሹራብ እየተረተረ በአዲስ ይሠራ ጀመር። ማንም ጮክ ብሎ የማይናገረው ምክንያትም ነበረ። ሰባት ሴቶች አንድ ክፍል ውስጥ ዝም ብለው ቢቀመጡ ስብሰባ ነው፤ ክር ከያዙ ግን ሥራ ነው። ቀበሌ ውይይት ላይም ዓይኗን መርፌዋ ላይ የተከለችን ሴት አስተያየት ስጪ የሚላት የለም። ለእኔ ለዓይን አፋሯ ይህ ትልቅ እረፍት ነበር።

ስህተቱ የእኔ ነው። ሌሎቹ በዓይን አይተው፣ በእጅ ዳሰው ነበር የሚማማሩት። እኔ የተማርኩ ነኝና አሠራሩን ጻፍኩት። ጽፌም አብረውኝ ለሚሠሩት ስድስት ሴቶች ገለበጥኩላቸው።

«ሌላ ቅጂ አለ?» አለ አለቃው።

«የለም።»

ውሸቱ እንዴት እንዳመለጠኝ አላውቅም። ስድስት ቤት፣ ስድስት ወረቀት፣ ሁሉም በእኔ እጅ የተጻፈ። አንዱ ከተገኘ እኔ ብቻ አልነበርኩም የምጠፋው።

ቤታቸው የምንሰበሰብባቸው ሴትዮ፣ በአክብሮት አዴ የምንላቸው ጎረቤቴ፣ ከገበያ ሲመለሱ አግዳሚው ላይ አዩኝ። ምን እንደሆነ ጠይቀው አለቃውን ወረቀቱን አስነበቡት።

«ወላሂ፣ ይሄማ ብብት ነው!» አሉ።

«የማን ብብት?»

«የሹራቡ ነዋ! ክንድ መግቢያው ጋ ሲደረስ ይቀነሳል። አንተ ልጅ፣ የለበስከውን ሹራብ ማን ሠራልህ?»

«እናቴ።»

«በል ጠርዙን ግለጠው። ቁጠር። አራት ቀኝ፣ ሁለት ግራ። እናትህንም እሰራት እንግዲህ!»

ሰልፉ ላይ የቆሙት ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ጠርዙን በጣቱ ቆጠረ፣ ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

«አዴ፣ ለእርስዎ ስል ነው። አንቺ ሂጂ። ይሄ ግን እኛ ጋ ይቆያል። የእጅ ጽሑፍ እንደ ፊት ነው፤ አይረሳም።»

መንገድ ላይ አዴ እጄን ይዘው «አልሐምዱሊላህ በይ እንጂ፣ ምን ያስቸኩልሻል?» አሉኝ። ስለ ቅጂዎቹ መዋሸቴን ግን አልነገርኳቸውም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ በር ለበር ዞርኩ። «የተሳሳተ ቁጥር አለበት፣ ላርመው» እያልኩ አምስቱን ሰበሰብኩ። ስድስተኛዋ ሳቀች፤ «ድሬዳዋ ላለችው እኅቴ ላክሁት እኮ፣ እንዴት እንደወደደችው አትጠይቂኝ!» አለችኝ። አምስቱን ከሰል ላይ አቃጠልኩ። ከዚያ ክፍል ገብቼ ጠመኔ አነሣሁና የዕለቱን ትምህርት ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፤ ፊደሎቹን ወደ ግራ እያዘነበልኩ፣ እግራቸውን እያስረዘምኩ፣ የእኔ ባልሆነ ጽሑፍ።