ፀገነት እና የርብ መታጠፊያ

ወረታ ላይ፣ የደብረ ታቦሩ መንገድ ከጎንደሩ ከሚለይበት መገንጠያ ትንሽ ገባ ብላ፣ የፀገነት አዛናው የሞባይል ጥገና ቤት አለች። በሯ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «ውሃ የገባበትን ስልክ ሩዝ ውስጥ አትቅበሩ፤ ቶሎ አምጡት» ይላል። ፎገራ ላይ ይህን መጻፍ ግድ ነው። ሩዝ በየቤቱ ሞልቷል፤ ስልኩ ማሳ ውስጥ የወደቀበት ሰው ሁሉ ሁለት ቀን ሩዝ ውስጥ ያቆየውና ተስፋ ሲቆርጥ ያመጣዋል። ፀገነትም የቻርጀሩን ቀዳዳ በመርፌ ስትጎረጉር ገለባ ታወጣለች።

ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ከርብ ወንዝ ዳር ካለች መንደር ተወልዳ፣ ባሕር ዳር ኮምፒውተር ተምራ፣ አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ሠርታ ተመለሰች። «ሰው ወደዚያ ይሄዳል፤ አንቺ ለምን ትመለሻለሽ?» ሲሏት፣ «እዚያ እንደኔ ያለ ብዙ ነው፤ እዚህ ስልክ ከፍቶ የሚያይ አልነበረም» ትላለች።

አባቷ አቶ አዛናው ሩዝ አምራች ናቸው፤ ድንበር ሲጣስም በሽምግልና ይቀመጣሉ። ርብ በየክረምቱ ሞልቶ ሜዳውን ያለብሰዋል። ውሃው ሲሸሽ የድንበሩ ድንጋይም፣ ውሃ ለመቋጠር የተሠራው የአፈር ክትርም ደለል ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ከዚያ ነው ጭቅጭቁ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በጥቅምት፣ ሁለት ወንድማማቾች ስድስት ክንድ በምትሆን መሬት ተጣልተው ሽማግሌዎቹ ሦስት ቀን ማሳው ላይ ዋሉ፤ ሊያስታርቋቸው ግን አልቻሉም። ፀገነት ለአባቷ ምሳ ይዛ ሄዳ ክርክሩን ቆማ ሰማች።

«አባባ፣ ወንዙንና ድንበሩን ስልክ ላይ ብስልላችሁስ?» አለቻቸው።

«ሥዕል ይመሰክራል?»

«ልኩን ከያዘ ይመሰክራል።»

በዚያው በጋ አባቷ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሆነው ወንዙን ዳር ዳሩን፣ ደለል ያልቀበራቸውንም የድንበር ድንጋዮች እየተከተሉ ተጓዙ። የያዘችው ስልክ በየእርምጃው ያሉበትን ቦታ ይመዘግባል። ከዚያ ሱቋ ውስጥ ተቀምጣ ካርታውን መሥራት ጀመረች።

መጀመሪያ እንደ ፎቶ አስቀመጠችው። በጣት ሲያሰፉት ወንዙ ደብዝዞ ካሬ ካሬ ቀለም ብቻ ሆነ። ፎቶውን ትታ መስመሩን ራሱን አስቀመጠች። እያንዳንዱ መታጠፊያ በሦስት ነጥብ ይገለጻል፦ የሚጀምርበት፣ የሚያልቅበት፣ ሦስተኛው ደግሞ መሀል ላይ ሆኖ መስመሩን ወደ ራሱ የሚስበው። በዚህ ዘዴ ወንዙ በሙሉ ከአንድ ፎቶ ያነሰ ቦታ ያዘ። ችግሩ፣ ስልክ ውስጥ ምስል የሚስለው ቺፕ የሚያውቀው ሦስት ማዕዘን ብቻ ነው። ጥምዝ መስመር ቢሰጡት አይገባውም፤ ጥምዙን አስቀድሞ ቀጥ ቀጥ ወዳሉ ቁርጥራጮች መክፈል ያስፈልጋል። ፀገነት እያንዳንዱን መታጠፊያ ስምንት ቦታ ከፈለችው።

በግንቦት አንድ እሑድ፣ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ፣ ካርታውን ለመንደሯ ሰዎች አሳየች። ስልኩን መጀመሪያ የተቀበሏት አያ ደስታው ናቸው። አያ ደስታው በክረምት ሰው በታንኳ የሚያሻግሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ከእሳቸው ይልቅ ርብን የሚያውቅ የለም። በሁለት ጣታቸው አሰፉት፣ ደግመው አሰፉት፣ ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይኸ ርብ አይደለም።»

«ለምን፣ አያ ደስታው?»

«ርብ ክርን የለውማ! ተመልከች፣ እዚህ ጋ ተሰብሯል። እዚህም ተሰብሯል። ወንዝ እንደ በትር አይሰበርም፣ ልጄ።»

የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። ፀገነትም አብራ ሳቀች፤ ጆሮዋ ግን ግሏል።

በሳምንቱ እያንዳንዱን መታጠፊያ ስድሳ አራት ቦታ ከፍላ መጣች። በእሷ ስልክ ላይ አምሮ ነበር። አያ ደስታው የራሳቸው ርካሽ ስልክ ላይ እንድትጭንላቸው ጠየቁና ጫነችላቸው። ወንዙ ግማሽ ድረስ ወጣ፤ ከዚያ ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ቀረ፤ የስልኩ ጀርባ ከምድጃ እንደወጣ ድንጋይ ጋለ።

«ሞተ እንዴ?» አሉ አያ ደስታው ስልኩን ከእጅ ወደ እጅ እያገላበጡ።

ባትሪውን አውጥታ መለሰችላቸው። ወደ ቤት ሲሄዱ አቶ አዛናው «ወንዙን ቆራርጠሽ ቆራርጠሽ መልሰሽ መስፋት ምን ይረባል?» አሏት። አባቷ ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም፤ ፀገነት ግን ጥያቄው ትክክለኛ እንደሆነ ገባት።

«ሳልቆርጥ የምሠራበት መንገድ ይኖራል፣ አባባ። አገኘዋለሁ» አለች።

መንገዱን ያገኘችው በሰኔ ነው። መምህር ባየህ፣ ከደሴ ተዛውረው ወረታ ሒሳብ የሚያስተምሩ ጎልማሳ፣ የተሰበረ ስክሪን ሊያስቀይሩ መጡ። እስኪደርስላቸው ድረስ የፈተና ወረቀት ያርሙ ነበር። ድንገት እስክሪብቷቸውን ጣሉት።

«ይኸን ተማሪ ምን ነካው! ነጥቧ ከጥምዙ ውስጥ ናት ወይስ ውጭ ነው ጥያቄው። እሱ ጥምዙን ለመሳል ገጽ ሙሉ ፈጀ!»

«ታዲያ ሳይስል እንዴት ያውቃል?» አለች ፀገነት።

«ኤክሱን በራሱ አባዝቶ ዋዩን መቀነስ ነዋ። ውጤቱ ከዜሮ በታች ከሆነ ውስጥ ናት፤ ከዜሮ በላይ ከሆነ ውጭ። መስመሩን ማየት እንኳ አያስፈልግም።»

የፀገነት ብሎን መፍቻ ቆመ። «መምህር፣ እስቲ ይድገሙልኝ።»

ደገሙላት። የመምህሩ ስልክ በዚያ ቀን ሳያልቅ አደረ።

ስክሪን የተሠራው ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች ነው። ቺፑ ደግሞ በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ አስሊዎች አሉት፤ እያንዳንዱ የየራሱን ፒክስል ይዞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። ፀገነት ልጅ ሆና ሩዝ ስታርም ከሴቶቹ ጋር በረድፍ ትሰለፍ ነበር፤ እያንዳንዷ እጇ ሥር ያለውን አረም ትነቅላለች እንጂ የማሳው ቅርጽ ምን እንደሚመስል ማንም አትጠይቅም። ስለዚህ ወንዙን መቆራረጥ ተወች። ለእያንዳንዱ መታጠፊያ፣ ሦስቱን ነጥቦች የሚያገናኝ አንድ ሦስት ማዕዘን ብቻ ላከች። በሦስቱ ጫፎች ላይ የኤክስና የዋይ ቁጥር አኖረች፤ በመካከል ላሉት ፒክስሎች ቺፑ ራሱ ቁጥሩን ያከፋፍላል። ከዚያ እያንዳንዱ ፒክስል ያቺኑ የመምህር ባየህን ስሌት ይሠራል፦ ውስጥ ነኝ ወይስ ውጭ? ስድሳ አራት ቁራጭ የነበረው አንድ ሆነ። ካርታው በሰፋ ቁጥር ስሌቱ እንደ አዲስ ስለሚሠራ፣ መስመሩ የሚሰበርበት ቦታ የለም።

የመጀመሪያውን ሙከራ ሩዝ ሊሸጡ ወረታ ለወጡት አባቷ አሳየቻቸው። አቶ አዛናው ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉና ጮኹ፦

«ኧረ ማሳችንን አሰጠምሽው!»

እውነታቸውን ነው። ከመታጠፊያዎቹ በግማሾቹ ላይ መሬቱ ውሃ፣ ውሃው መሬት ሆኗል። ፀገነት ትንሽ አሰበችና ሳቀች። ወንዙ ወደ ውጭ ሲያብጥ የጥምዙ ውስጥ ውሃ ነው፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ግን የጥምዙ ውስጥ መሬት ነው። ጥያቄው አንድ ቢሆንም መልሱ ይገለበጣል። በእያንዳንዱ ሦስት ማዕዘን ላይ አንዲት የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክት ጨመረች፤ ማሳው ደረቀ።

የቀረው ጠርዙ ነበር፤ ቀረብ ብለው ሲያዩት እንደ ማጭድ ጥርስ አለው። ፀገነት መስመሩ ላይ ያረፉትን ፒክስሎች፣ ለመስመሩ ባላቸው ርቀት ልክ፣ የውሃና የአፈር ቀለም ቅልቅል አደረገቻቸው። በአሮጌ ስልኮች ላይ ይህ አልሠራ ብሎ ክረምቱን በሙሉ ፈጅቶባታል። በመሀል ኢንተርኔት ሲገኝ ስትፈልግ፣ በሌላ አገር ያሉ ባለሙያዎች ይህንኑ ዘዴ ከዓመታት በፊት ጽፈውት አገኘች።

«አልተናደድሽም?» አሏት መምህር ባየህ።

«ለምን እናደዳለሁ? ትክክል መሆኔን ነገሩኝ።»

በጥቅምት መንገዱ ሲደርቅ ወደ መንደር ወጣች። በአያ ደስታው ስልክ ላይ ጫነችና ሰጠቻቸው። ሽማግሌው አሰፉት። ደግመው አሰፉት። ታንኳቸውን የሚያስጠጉባት መታጠፊያ ብቻዋን ስክሪኑን እስክትሞላው ድረስ አሰፉት። የስልኩን ጀርባ በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ ቀዝቃዛ ነው።

«ይኸስ ርብ ነው» አሉ በመጨረሻ። ቀጥለው ደግሞ፣ «ግን የአምናው ርብ ነው። ዘንድሮ እዚህ ጋ ዳሩን በልቶ ወደ ሰሜን ገፍቷል።»

«ያሳዩኛ!»

በማግስቱ ሁለቱ ወንዙ ዳር ቆሙ። ፀገነት መስመሩን እንደገና መሳል አላስፈለጋትም፤ መሀል ላይ ያለችውን አንዷን ነጥብ በጣቷ ስትገፋ መታጠፊያው ተከትሎ ይለጠጣል። አያ ደስታው ወንዙንም ስክሪኑንም እያዩ፣ «ጨምሪ... ጨምሪ... ትንሽ መልሺ። በቃ! አትንኪው» ይሏታል። በዚያ ቀን አሥራ አንድ መታጠፊያ አስተካከሉ።

በኅዳር ሽማግሌዎቹ ለሁለቱ ወንድማማቾች ሲቀመጡ ስልኩን መሀል አኖሩት። ካርታው፣ ከተመዘገቡት ድንጋዮች ተነሥቶ፣ ድንበሩን ያሳየው ታናሽየው ካለው በሦስት ክንድ፣ ታላቅየው ካለውም በሦስት ክንድ ርቆ ነበር። ሁለቱም ተሳስተዋል። ሁለቱም ሲሳሳቱ መታረቅ ቀለለ፤ ድንጋዩን አብረው ተከሉት።

ከዚያ ወዲህ ፀገነት ሰኞ ሰኞ ሱቋን ዘግታ ወንዝ ዳር ትውላለች። ባለፈው ሳምንት ከጉማራ ወንዝ ዳር ሁለት ሽማግሌዎች ጠይቀው ጠይቀው ሱቋ መጡ።

«የኛን ወንዝስ ትችይዋለሽ? ጉማራ ከርብ ይልቅ ይጠማዘዛል» አሏት።

«የፈለገውን ያህል ይጠማዘዝ» አለች ፀገነት፣ የከፈተችውን ስልክ እየገጠመች። «ሰኞ እመጣለሁ። እናንተ ውሃውን የሚያውቅ ሰው ብቻ አዘጋጁልኝ።»