ደቻቱ አሸዋ ውስጥ የቀረችው ናስ

ሳቢያን ሰፈር፣ ከቤቴ ደጃፍ፣ የአንዱ ሚኒባስ ራዲያተር ሲፈላና ያ የጋለ ብረትና የዝገት ውሃ ሽታ ሲመጣ አንገቴን እደፋለሁ። ልጆቼ ምክንያቱን አያውቁም።

አባቴ በአሮጌ ታክሲው ሁርሶ ድረስ ሰው ያመላልስ ነበር። አንድ ግንቦት ሞተሩ ሞተበትና ጎረቤታችን ጋሽ አብዲ፣ መካኒኩ፣ ሌላ ሞተር ፈልጎለት ግቢያችን ውስጥ ይገጥምለት ጀመር። ወሩ ረመዳን ነበር። ጋሽ አብዲ ጉሮሮው ደርቆ እየሠራ እንኳ መቀለዱን አይተውም ነበር።

«አቦ፣ ውሃህን ዞር ብለህ ጠጣ!» ይለዋል።

«አንተ ሞተሬን ጨርስ፣ መግሪብ ላይ አብረን እንጠጣለን» ይለዋል አባቴ።

ጋሽ አብዲ ከአሮጌው ሞተር የፈታትን፣ የሞተሩን ሙቀት ለዳሽቦርዱ መለኪያ ቀስት የምታደርስ አውራ ጣት የምታክል የናስ ዕቃ በቆርቆሮ አድርጎ ለእኔ ሰጠኝ። «ጠብቂልኝ፤ ይህ ቀስት ከሌላ ጋር አይስማማም» አለኝ። ናሷ ስታብረቀርቅ ታምር ነበር። ከነቆርቆሮዋ ይዣት ደቻቱ፣ ደረቁ ወንዝ ውስጥ፣ ወርጄ ቅልብልቦሽ ስጫወትባት አሸዋው ውስጥ ጠፋችብኝ፤ ፈልጌ ፈልጌ ሳጣት፣ ከጋሽ አብዲ የውዳቂ ብረት ሣጥን የምትመስላትን መርጬ ቆርቆሮው ውስጥ ከተትኩ። እሱም ማፍጠሪያው ደርሶበት ሲጣደፍ ሳያስተውል ገጠማት።

አባቴ በመጀመሪያው ቀን ከሁርሶ መንገድ ተመለሰ። ቀስቱ ቀዩ ላይ ስለወጣበት ሞተሩ እንዳይነድ ፈርቶ፣ ተሳፋሪዎቹን ሜዳ ላይ አውርዶ፣ ተሰድቦ ነበር የመጣው።

ጋሽ አብዲ ኮፈኑን ከፍቶ መዳፉን ራዲያተሩ ላይ አሳረፈ፤ ለብ ከማለት በቀር ምንም የለውም። ሽቦዋን ነቀለ፣ ቀስቱ ወረደ፤ የሽቦዋን ጫፍ ከብረቱ ጋር አነካካ፣ ቀስቱ ወጣ። «ቀስቱም ሽቦውም ጤነኛ ናቸው» አለና ናሷን ፈትቶ መዳፉ ላይ ሲያገላብጣት ቆየ። ቀና ብሎም እኔን አየኝ። የአባቴ እጅ ለዱላ እንደሚፈጥን ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለው አባቴን። «ከሌላ ጋር ቀላቅያት ነው።»

«እንኳን ሞተር፣ ቡሎን መጠበቅ አቃተህ?» አለ አባቴ። «አንተ ጾመህ፣ የኔን ስም ሜዳ ላይ አስቀረኸው!»

እኔ ነኝ አላልኩም። መኪናው ሌላ ጋራዥ ሄደ፣ ሌላ ናስ ተገጠመለት፣ ቀስቱም ተስተካከለ።

ለኢድ እንደ ልማዳቸው ከጋሽ አብዲ ቤት በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ሐሉዋ፣ የበዓሉ ጣፋጭ፣ በሰሃን መጣልን። ሰሃን ባዶውን አይመለስም ነበር፤ እናቴ ሁልጊዜ የራሷን ዳቦ ታደርግበት ነበር። ያን ቀን አባቴ ጨርቁ እንኳ ሳይገለጥ «መልሺ» አለኝ። በራቸው ድረስ ይዤው ሄድኩ። ጋሽ አብዲ ተቀበለኝና «አንቺ ምን አጠፋሽ፣ ነይ ቅመሺ» ብሎ አንዱን ቁራጭ አፌ ላይ አደረገልኝ። መዋጥ ተስኖኝ አጥሩ ጥግ ተፋሁት።

ነሐሴ ገባ፣ ፍልሰታን ጾምኩ፣ ያንኑ ዝምታ በአፌ ይዤ ቆረብኩ። ከሁሉም የሚያሳፍረኝ ይህ ነው።

አድጌ፣ አግብቼ፣ ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው «እግዚአብሔር ይፍታሽ፤ ሰውየውም ይስማሽ» አሉኝ። ጋሽ አብዲ ሸምግሎ በሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። እግሩ ላይ ወድቄ ነገርኩት።

«ቆርቆሮው ውስጥ የደቻቱ አሸዋ ነበረ እኮ» አለኝ። «ተነሺ በይ።»

አባቴ ግን ያኔ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። እስከ መጨረሻው በዚያ በር ሲያልፍ ፊቱን ያዞር ነበር።

ዛሬ ለፋሲካ ዳቦዬ በሰሃን ለጋሽ አብዲ ይሄዳል፤ ለኢድም የእሱ ሐሉዋ ይመጣልኛል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አሁን እውጠዋለሁ። ልጆቼ ሰሃኑን ለመሸከም ሲሻሙ ግን፣ እኔ ራሴ ተነሥቼ እወስደዋለሁ።