የፍራድል መጻሕፍት ቀብር

ፍራድል ቫክስማን ባሏ ከሞተ ወዲህ ብዙ ነገር ችላለች፤ የቤተ መጻሕፍቷን መዘጋት ግን መቻል አቃታት። ቤልጅየም፣ አንትወርፕ ከተማ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ አይሁዶች ባሰባሰቧቸው፣ በቋንቋቸው በይዲሽ በተጻፉ ልብ ወለዶች መሀል ዕድሜዋን ፈጅታለች። ሰፈሩ ውስጥ ይዲሽ የሚያወራ ሞልቷል። ምን ያደርጋል! ሃይማኖተኛው ልብ ወለድ አይነካም፣ ሌላው ፊደሉን አይለይም።

ቤተ መጻሕፍቱን የሚያስተዳድረው የአይሁድ ማኅበር በመጨረሻ ክፍሉን ሸጠው። የምኩራቡ አገልጋይ ዜሊግ ሊያጸዳ መጣ። የተቀዳደደ የጸሎት መጽሐፍ ሲያገኝ ስሞ ሳጥን ውስጥ ያኖራል፤ የአምላክ ስም የተጻፈበት ወረቀት እንደ ሰው ይቀበራል እንጂ አይጣልም። ልብ ወለዶቹን ግን በሩ ሥር ከመራቸው።

«እነዚህስ?» አለች ፍራድል።

«እነሱን ነገ የቆሻሻ መኪና ይወስዳቸዋል፣ እትዬ ፍራድል።»

«ዩኒቨርሲቲውስ?»

«በቅቶናል አሉ፤ ስንቴ ለመንኩልዎት! የፍቅር ወሬ ደግሞ እንዴት አድርጌ ልቅበር? ረቢው ይስቁብኛል።»

«ይሳቁብህ!»

ዜሊግ ምሳውን ሊበላ ሲወጣ በሩን ዘጋችና እስክሪብቶ አነሳች። የአምላክን ስም በከንቱ መጻፍ ኃጢአት መሆኑን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ቢሆንም የመጀመሪያውን ልብ ወለድ ገልጣ ስሙ የሚጻፍባቸውን አራቱን የዕብራይስጥ ፊደላት ጻፈችበት። ሁለተኛውን አነሳች።

ዜሊግ ተመልሶ አንዱን ሲገልጥ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምን ነካዎት? በዚህ ዕድሜዎ በስሙ ይጫወታሉ?»

«በል እስቲ አሁን ጣለው!»

መጣል አልቻለም። እየተነጫነጨ እያንዳንዱን ሳመና ሳጥኑ ውስጥ ከተተ።

በማግስቱ ድንበሩን ወደ ሆላንድ ተሻግረው ፑተ ወደምትባል መንደር፣ ሙታናቸው ካረፉበት ቦታ ሄዱ። ዝናብ ያካፋል። ዜሊግ ሳጥኖቹን ጉድጓዱ ውስጥ ካወረደ በኋላ ቀና አለ።

«እንግዲህ ደስ አለዎት? ከእንግዲህ ማንም አያነባቸውም። ስሙ ስላለባቸው ላውጣቸው ብል እንኳ አይሆንም።»

ፍራድል መበደሏን አላጣችውም። እንባዋ መጣ።

«የአባቴ እህቶች እንዲህ ያለ መጽሐፍ ከእጃቸው አይለይም ነበር» አለች። «በጦርነቱ የት እንደወደቁ አይታወቅም። መቃብር የላቸውም፣ ዜሊግ። እንደ ወጋችን የመታሰቢያ ድንጋይ የማስቀምጥበት ቦታ ይኑረኝ።»

ዜሊግ አካፋውን አነሳ፤ ከእጁ ግን አላቀበላትም። በአይሁድ ቀብር ለሐዘንተኛ እንደሚደረገው፣ ራሷ አንስታ አፈር እንድትመልስ አፈሩ ላይ ሰክቶላት ወደ ኋላ አለ።