ሁለት ሞክሼ በአንድ መስመር

ነገር ሲንዛዛ አልወድም። ፍኖተ ሰላም ኮምፒውተር ሳስተምር የሚያቃጥለኝም ይኸው ነበር። በፕሮግራም አንድ ሰው ለመመዝገብ «ስሙን ተቀበል፣ ስሙን መልስ፣ ከሌላው ጋር አወዳድር» እያልሁ ሁለት ገጽ እሞላለሁ። አንድ ክረምት ግን አዲስ ቋንቋ ተማርሁ። «ዳታ ክላስ» ብሎ ስም፣ የአባት ስም፣ መንደር ብሎ መደርደር ነው፤ አንድ መስመር፣ አለቀ። የሁለት መዝገብ ይዘት ከተመሳሰለም አንድ ናቸው ብሎ ራሱ ይፈርዳል። ደስ ብሎኝ የምሠራበት ነገር ፍለጋ ገባሁ።

አባቴ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች መንደር የሚካኤል ማኅበርተኛ ነው። አሥራ ሁለት ናቸው፤ በየወሩ አንዱ በተራው ይደግሳል። መዝገባቸው የተቀዳደደ ደብተር ሲሆን አንዱ ሰው ሦስት አራት ቦታ ተጽፎበታል። ማንም ሳይለምነኝ «እኔ አስተካክለዋለሁ» አልሁ። ደብተሩን እንዳለ ገለበጥሁት፤ ድግግሞሹን ፕሮግራሙ አወጣው። የመጪውን ዓመት ተራ አሳትሜ ለነሐሴ ሚካኤል ይዤ ሄድሁ።

የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃቸው፣ ቆመው አነበቡ። ጥር ላይ አንድ ስም ሲጠሩ አባቴም ጎረቤቱም እኩል «አቤት» አሉ። ሞክሼዎች ናቸው፤ ስማቸው አንድ፣ የአባታቸው ስም አንድ፣ መንደራቸው አንድ።

«ያንተ ይሁን፣ የኔን እጠብቃለሁ» አለው አባቴ።

ሙሴው ሐምሌ ላይ ደረሱና ወረቀቱን ገለበጡት። ለነሐሴ ሰው የለም። በኛ አገር ከማኅበር የሚሰረዝ ወይ የሞተ ነው ወይ የበደለ። አባቴ ጠላውን አስቀመጠና «ምን አጠፋሁ?» አለ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልሁ። «ሁላችሁንም በስም፣ በአባት ስምና በመንደር ብቻ ስለመዘገብሁ፣ ኮምፒውተሩ ሁለታችሁን አንድ ሰው አድርጓችሁ ነው።»

ሞክሼው በሳቅ ፈረሰ። «አንድ ለአምስት ሲሉን ከርመው፣ አሁን ደግሞ ሁለት ለአንድ! እንግዲያ በሬዎችህም የኔ ናቸዋ!»

ሁሉም ሳቀ፤ አባቴ ብቻ አልሳቀም። «ልጄ ከሰው ለይቶ አያውቀኝም ማለት ነው?» አለ።

ላፕቶፔን ከፈትሁ። መስመሩ ላይ አንድ መለያ ብጨምር እንደሚበቃ ነገርኋቸው። ምክሩ ይጎርፍ ጀመር። አንዱ በቅሎ አለ፤ ሁለቱም በቅሎ የላቸውም። ሌላው መላጣ አለ፤ ባርኔጣቸው ሲወልቅ ሁለቱም መላጣ። ሙሴው የክርስትና ስም አሉ፤ እሱም አንድ ሆኖ ተገኘ። ባትሪዬ እያለቀ ነው፣ እኔም እያላበኝ።

በመጨረሻ አባቴ «የልጅ ስም ብለህ ጨምር። የኔ ላይ ያንተን ጻፍ» አለ። ጻፍሁ።

አሁን ሞክሼው ሳቁን ተወ። ልጅ አልወለደም። «ለእኔስ ምን ልትጽፍ ነው?» አለኝ። እጄን ከላፕቶፑ ላይ አነሣሁ።

«ክርስትና ያነሣሁህ እኔ አይደለሁም? የሱን ጻፍ ስትባል ጻፍህ፣ እኔ ጋ ስትደርስ እጅህ ታሰረ?»

ሁሉም ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ ጢሙን አሻሸ። «ጻፍለት» አለ፣ «እውነቱን ነው።»

እሱ ላይም ስሜን ጻፍሁና ፕሮግራሙን አስነሣሁት።

«ስንት ሆን?» አለ አባቴ አንገቱን አስግጎ።

«አሁንም አሥራ አንድ» አልሁ፤ «የልጃችሁም ስም አንድ ሆነ።»

አባቴ ሳቀ። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «በል ተወው። ጥርንም ነሐሴንም አብረን እንደግሳለን። አንተ ግን የሁለታችን ልጅ ከሆንህ እንጨቱን በሁለቱም ቤት ትፈልጣለህ» አለኝ።

በሁለቱም ቤት ፈለጥሁ።