እናቴ ዋስ የሆነችላት ልጅ

ያን ክረምት እናቴ ለእስረኞች ምሳ ልታደርስ ሄዳ ነፍሰ ጡር ይዛ ተመለሰች።

የፖሊስ ጣቢያው የሴቶች ክፍል ስላልነበረው ልጅቱ የምትተኛው ኮሪደር ላይ ነበር። ባሏ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዷል፤ የባሏ ወንድም ደግሞ «በበጋው የድርቆሽ ክምሬን አቃጠለችብኝ» ብሎ ከሷታል። እናቴ አይታ ማለፍ አልቻለችም። «እስከ ቀጠሮዋ እኔ ዘንድ ትቀመጥ፤ ዋሷ እኔ ነኝ» አለች። አዛዡም «ከጠፋች በእሷ ፈንታ የሚታሰሩት እርስዎ ነዎት» ብሎ ለቀቀላት።

ቄሱ አባቴ ይህን ሲሰሙ እንደ ልማዳቸው ተቆጡ፤ እንደ ልማዳቸውም ተሸነፉ። የእኔ አልጋ ግን ማንም ሳያማክረኝ ተሰጠ። መሬት ተኝቼ ሳጉረመርም ልጅቱ ከላይ እጇን ሰድዳ ፀጉሬን ትደባብሰኝ ነበር። እንዲህ የምታደርግን ሰው እንዴት አድርገው ይቀየሟታል? ወደድኳት።

አንድ ቀን ራት ላይ አባቴ የጥንቱን ነገር አነሡ።

«በአያቶቻችን ጊዜ እስር ቤት የት ነበረና! ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸው ተቋጥሮ፣ አብረው በልተው አብረው አድረው ዳኛ ዘንድ ይሄዱ ነበር። ቁራኛ ይባላል።»

«እርስዎ ደግሞ! ለእሷ የሚወራ ሌላ ጨዋታ ጠፋ?» ብዬ ተቆጣሁ። ልጅቱ ግን ከልቧ ታዳምጥ ነበር።

የቀጠሮው ዕለት ከእናቴ ጋር ሦስት ሆነን ወጣን። ሜዳው ውሃ ተኝቶበታል። አስፋልቱ ዳር የቆመ መኪና ረዳት «ሐሙሲት! ሐሙሲት!» እያለ ይጣራል። የወላጆቿ ቤት ከአንበሳሜ ወዲያ ነው፤ መኪናው የሚሄደው በዚያው በኩል ነው። ልጅቱ ቆመች። እናቴም ቆመች፤ ግን እጇን አልያዘቻትም። እኔ ፈራሁ። ብትሄድ የሚያስሩብኝ እናቴን ነው።

ልጅቱ የነጠላዋን ጫፍ ከእናቴ ነጠላ ጋር ጠበቅ አድርጋ ቋጠረችው።

«እማማ፣ እግሬን አላመንኩትም» አለች።

እንዲያው እንደተቋጠሩ ችሎት ገቡ። ዳኛው አይተው «ማነው ያሰራችሁ?» ቢሉ ልጅቱ «እኔ ነኝ» አለች። ጉዳዩ ወልዳ እስክትነሣ ድረስ ተቀጠረ፤ እስከዚያ ከእናቴ ጋር እንድትቆይ ተፈቀደ።

ደጅ ስንወጣ እናቴ ዓይኗን እየጠረገች «በይ አሁንስ ፍቺው፣ ልጄ» አለቻት።

«ቤታችን እስክንገባ ይቆይልኝ» አለች።

ቤታችን አለች። እኔም አልጋዬን ያን ጊዜ መርቄ ሰጠኋት።