ሳይነገረን የጠጣነው ውሃ

ሕመሙ የጀመረኝ በብርድ ብርድ ማለት ነው። ሾላ ገበያ፣ ሱቄ ደጃፍ ላይ ባልዲና ጆግ ስደረድር ጀርባዬን በረደኝ፤ ፀሐዩ ግን ያቃጥል ነበር። ማታ ራሴን ያዘኝ። ከቧንቧ ውሃ ቀዳሁና ፓራሲታሞል ውጬ ተኛሁ።

የምኖረው ከቦሌ አራብሳ አለፍ ብሎ ባለ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ብቻዬን ነው። ባለቤቴ ካረፈ ቆይቷል፤ ልጄ ከድር ደሴ ነው የሚሠራው። የድሮ ጎረቤቶቼ በየኮንዶሚኒየም ሳይቱ ተበታትነዋል። እዚህ ሰው ደረጃ ላይ ሰላም ይባባልና በሩን ይዘጋል።

ትኩሳቱ በየቀኑ እየባሰ ሄደ። መገናኛ አጠገብ ያለ ክሊኒክ ሄጄ "ጉንፋን ነው" ብለው ማስታገሻ ሰጡኝ። እህል አስጠላኝ፤ ሱቄንም ዘጋሁ። ከድር ሲደውል ድምፄን አስተካክዬ "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ" እለዋለሁ። ስልኩ ሲዘጋ ቤቱ ጭር ይላል። ከግድግዳው ወዲያ የሚያስመልሰው ሰው ድምፅ ይሰማኛል። ማን እንደሆነ አላውቅም።

አንድ ረፋድ ሆዴን ወጋኝ። እንደ ጣውላ ደረቀ። ተነሣሁ። ወደቅሁ። የጎረቤት በር አንኳኳሁ። የከፈተ የለም። ደረጃውን እየተንፏቀቅሁ ወረድኩ። ያዩኝ የግቢው ጥበቃ አቶ ደምሴ ናቸው። ታክሲ ጠርተው ሆስፒታል አደረሱኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ራጅ አነሡኝ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ጎንበስ ብላ፣ "ታይፎይድ ይመስለናል፤ አንጀትዎን በስቶታል። አሁኑኑ ኦፕራሲዮን ያስፈልግዎታል። አስታማሚዎ የት አሉ?" አለችኝ።

"የለኝም።"

"የሚፈርምልዎትስ?"

"የለም።"

ራሴ ፈረምኩ። ሸሃዳዬን አልኩ። ከዚያ በኋላ አላስታውስም።

ስነቃ ሆዴ ተሰፍቷል፣ አፍንጫዬ ውስጥ ቱቦ አለ። ከልቸር የሚሉት የደም ምርመራም ታይፎይድ መሆኑን አረጋገጠ። ሴፍትሪአክሶን በሚባል የፀረ ተሕዋስያን መርፌ ትኩሳቱ ቀስ በቀስ ወረደልኝ። ከድር ተደውሎለት ከደሴ እስኪደርስ ድረስ ያስታመመችኝ የሰው አስታማሚ ናት፤ አልማዝ ትባላለች፤ አጠገቤ ለተኛችው እህቷ ለአስካለ የምታመጣውን አጥሚት፣ ሐኪሟ መቅመስ ስትፈቅድልኝ፣ ለእኔም በኩባያ ትቀዳልኝ ጀመር። አስካለም እንደኔው አንጀቷ ተበስቶ ነው የገባችው። ሰፈር ስንጠያየቅ አንድ ግቢ ነን፤ እነሱ ከእኔ ሥር፣ ሁለተኛ ፎቅ። በአንድ ደረጃ ስንወጣ ስንወርድ ኖረን የተዋወቅነው ሆስፒታል አልጋ ላይ ነው።

ሐኪሟ ይህን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። "ከእናንተ አካባቢ ብዙ ሰው እየመጣብን ነው። ውሃው ላይ የሆነ ነገር ደርሷል፤ የነገረን ግን የለም" አለች።

እኔ ዳንኩ። አስካለ ግን ኢንፌክሽኑ ደሟ ውስጥ ገባ። አንድ ቀን ጠዋት አልጋው ባዶ ነበር። አልማዝ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ ኩባያውን ስታጥብ አየኋት።

ሰውነቴ ጠንከር ሲልልኝ፣ እኔና አልማዝ በየፎቁ እየዞርን የታመመ ሰው ጠየቅን፤ ሰው ያልታመመበት ቤት ጥቂት ነው፤ ሁሉም በየበሩ ውስጥ ብቻውን የታመመ መስሎት ነበር። የሳይቱ ኮሚቴ ከጉድጓድ ውሃ የሚልኩልንን ሰዎች ስብሰባ ጠራልን። የውሃ ጣቢያው ኃላፊ አልዋሸም።

"ክሎሪን የሚጨምረው ፓምፕ ተበላሽቶ ነበር። መለዋወጫ እስኪመጣ ውሃውን እንዲሁ ለቀቅነው" አለ።

"ለእኛ ለምን አልነገራችሁንም?" አለችው አልማዝ።

"ብልሽት ሲደርስ ለነዋሪ አሳውቁ የሚል መመሪያ የለንም።"

እኔም ተነሣሁ። "ልጄ፣ ውሃ ማፍላት አያቅተንም። አፍሉ የሚለን ሰው ነው ያጣነው። አስካለ የሞተችው ባልተነገረ ነገር ነው" አልኩት።

ከብዙ ምልልስ በኋላ፣ ፓምፕም ሆነ ቧንቧ ሲበላሽ በዚያው ቀን ለነዋሪውና ለጤና ጣቢያው እንዲያሳውቁ ግዴታ ገቡ። የመጀመሪያው የብልሽት መልእክት ስልኬ ላይ ሲደርስ፣ ጎረቤቶቼ "ደግሞ ተበላሸ!" ብለው ተቆጡ። እኔ ግን ውሃ ላፈላ ብረት ድስቴን ጥጄ አለቀስኩ።

ሐኪሟን፣ አቶ ደምሴንና አልማዝን አላህ ይስጥልኝ። አሁንም አብዛኛውን ቀን ብቻዬን ነኝ፤ ጠባሳዬም በብርድ ጊዜ ይቆረጥመኛል። እናንተ ዛሬ በዚህ ሕመም ያላችሁ፣ የማይለቅ ትኩሳትን በማስታገሻ አታባብሉ፤ ተመርመሩ። ሆድ ድንገት ከደረቀ አንድ ሰዓትም አትጠብቁ። ውሃ የሚልኩላችሁን ሰዎች ደግሞ፣ ምን እንደተበላሸ በጊዜው እንዲነግሯችሁ አጥብቃችሁ ያዟቸው። ስትታመሙም "ደህና ነኝ" አትበሉ። ለጎረቤት ንገሩ፤ እሱም ከዚያው ውሃ ጠጥቷል።